የዛሬን ቀን ይስጡት

ሰሌዳው ላይ «ሀ» ብዬ ጻፍኩ። ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ «ሁ» ብላ አነበበችው። አረምኳት። ልጅቷ ተነሥታ ወደ ሰሌዳው ቀረበችና በጣቷ እያሳየች፣ «እትዬ፣ ይቺ ከጎኑ ያለችው ታዲያ ምንድን ናት? ጠመኔው ሸሽቶ ነው?» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። ሰሌዳውን መለስ ብዬ አየሁት። የተሳሳተችው እርሷ አልነበረችም።

እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ክር በመርፌ ሳስገባ ወይም ሻይ ስቀዳ ያስቸግረኝ ነበር፤ ያን ግን ማንም አያይብኝም። ፊደል ግን ይታያል። በእኛ ፊደል አንዲት ቅንጣት መስመር ወደ ጎን ከወጣች ሌላ ድምፅ ናት፤ ወደ ታች ከረዘመችም ሌላ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ያልታዘዘውን መስመር ይጨምራል።

ያን ጊዜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ፣ የእኛ ሰዎች አዋጥተው በከፈቱት ትንሽ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ልጆቹ የነጋዴ ልጆችና ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች ልጆች ነበሩ። በመንገድ ዐረብኛ ይናገራሉ፤ ለእናቶቻቸው በአማርኛ ይመልሳሉ፤ ሲቸኩሉ ሁለቱን ያቀላቅላሉ። በሳምንት ሦስት ሰዓት አማርኛ ይማሩ ነበር፤ የሚያስተምራቸውም ከእኔ በቀር አልነበረም። መጽሐፍ ስላልነበረን አርባ ትምህርት በእጄ ጽፌ እያባዛሁ እሰጣቸው ነበር። እጄ ሲበላሽ የሚባዛውም አብሮ ተበላሸ።

ሰኔ ላይ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጠራኝ። በስንዴ ዱቄት ንግድ የሚታወቅ፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ያባዛሁትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና፣ «ይህን እኔም አላነበው» አለኝ። «ወላጆች እየመጡ ነው። ልጆቹ በመስከረም በእጃቸው የሚይዙት በማሽን የተጻፈ ነገር ካለ ሦስቱ ሰዓት የእርስዎ ነው። ከሌለ ለሒሳብ እንሰጠዋለን።»

«በማሽን ይጻፋል» አልኩት።

የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነበረኝ። ብዙ ዓመት ለቀን ሠራተኞችና ለነጋዴዎች ማመልከቻ ጽፌበታለሁ፤ ሲበላሽም ራሴ ፈትቼ እጠግነው ነበር። ሪባኑ ከገበያ ጠፋ፤ ቀጥሎ የ«መ» ክንድ ተሰበረ። ያለ «መ» አማርኛ አይጻፍም።

በገበያው ዳር የሬዲዮና የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር። አባቱ ከጎንደር ወርዶ በገዳሪፍ የነገደ ሙስሊም ነው፤ እርሱ ግን እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነበር። አማርኛው ጥሩ ነው፤ መሐላው «ወላሂ»፣ ይቅርታው «መዓሌሽ» ግን በዐረብኛ ነበር። ያለቀለት ኮምፒውተር ከካርቱም ማስመጣት እንደሚዘገይ ነግሮኝ፣ «ዕቃው በየፈርጁ እኔ ዘንድ አለ፤ ገጥሜ እሰጥዎታለሁ» አለኝ።

«አንተ አሳየኝ፤ የምገጥመው እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ ይህ እኮ ልብስ ስፌት አይደለም።»

«የጽሕፈት መኪናም ልብስ ስፌት አይደለም» አልኩት። ሳቀና ወንበር አቀረበልኝ።

አንድ ጠዋት ሙሉ አሳየኝ። ዕቃ ከመንካቴ በፊት የመስኮቱን ብረት እንድነካ፣ ማራገቢያው ሥር የሚቀባውን ነጭ ቅባት የሩዝ ፍሬ ያህል ብቻ እንድቀባ ነገረኝ። ሁሉንም በደብተር ጻፍኩ። ሳጥኑን፣ ማዘርቦርዱን፣ ሃርድ ዲስኩንና ሌላውን በካርቶን አድርጎ ሰጠኝና በሪክሻ፣ በባለ ሦስት እግሯ ታክሲ፣ ጭኜ ወደ ቤት ወሰድኩት። ያንዬ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ውሃ ሲነካው ጎማ ይይዛል፤ ጫማም ያስቀራል። ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ለሪክሻው ነጂ «ቀስ፣ ቀስ» እያልኩ ሄድኩ።

ሜሞሪው ከቦታው አልገባ አለ። ከታች ያለችው ቆረጥ ያለች ቦታና የቦርዱ ጥርስ አይገጥሙም። መጀመሪያ እጄን ወቀስኩ፤ ገልብጬ ሞከርኩ፤ ከዚያ ተውኩት። በማግስቱ ሱቁ ስሄድ አገላብጦ አየውና፣ «መዓሌሽ፣ ይህ የሌላ ዓይነት ነው» አለኝ። ትክክለኛው በሰባተኛው ቀን በአውቶቡስ መጣ። ያም ሲገባ ማሽኑ ጭራሽ አልነሣም አለ። ፓወር ሳፕላዩ ነው ተባለ፤ ተቀየረ። ማራገቢያው ዞረ፤ ሞኒተሩ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። ገመዱ ነው ተባለ፤ ተቀየረ። እንዲህ ሲሆን ሐምሌ ገባ።

ሐምሌ 12 ቀን ማሽኑ ሱቁ ውስጥ ተነሣ። ባለ ሱቁ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ያመጣለትን አማርኛ የሚያጽፍ ፕሮግራም ጫነበት። ወንበሩን ለቀቀልኝና በሁለት ጣቴ «ሀ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥ ያለ፣ ከጎኑ ምንም የሌለው «ሀ» ወጣ። ቀጥሎ «ሁ» ጻፍኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ረዘም ላለ ጊዜ አየኋቸው።

ልነሣ ስል ማዘርቦርዱ ላይ ያለች እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አሳየኝ። «ይቺ ሞታለች» አለኝ። «ከካርቱም እስክትመጣ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ ያወጣና ቀን ይጠይቅዎታል። የዛሬን ቀን ይስጡት፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ያልፋል።»

የዛሬን ቀን ይስጡት። ደብተሬ ላይ እንደ ሌላው ሁሉ ጻፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቤቴ አስነሣሁት። እንዳለው ሰማያዊው ገጽ መጣ። ወር ሲለኝ 11፣ ቀን ሲለኝ 13፣ ዓመት ሲለኝ 1998፣ ሰዓት ሲለኝ 4 ብዬ ሰጠሁት። አለፈ። የአማርኛውን ፕሮግራም ስከፍተው አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈባት ትንሽ መስኮት ብቅ አለችና ሁሉም ተዘጋ። ደግሜ ከፈትኩት፤ ደግሞ ተዘጋ። እስከ ምሳ ድረስ ሞከርኩት።

ሳጥኑን በሪክሻ ጭኜ ሱቁ ወሰድኩት። ባለ ሱቁ ገመዱን ሰካ፤ ከሌላ ደንበኛ ጋር እያወራ ሰማያዊው ገጽ ላይ ጣቶቹን ፈጠን ፈጠን አደረገና አለፈ። ፕሮግራሙ ተከፈተ።

«ይኸው ይሠራል» አለኝ።

ቤቴ መለስኩት። አልሠራም።

ሰው አንድ ጊዜ ቢሆን ይስቃል። እኔ ግን ያን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩትም። ሱቁ ይሠራል፤ ቤቴ አይሠራም። ሪክሻ ነጂው ሳጥኑን ስለለመደው ገና ከሩቅ ሲያየኝ በዐረብኛ፣ «ያ ሐጃ፣ ቴሌቪዥኑ ዛሬም ታመመ?» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ሐጃም እንዳልሆንኩ፣ ቴሌቪዥንም እንዳልሆነ አስረዳው ነበር። በኋላ «አዎ፣ ታመመ» ማለት ጀመርኩ።

በአንድ ሆሽ፣ ማለት በአንድ ግቢ፣ አብራኝ የምትኖር የትግራይ ሴት ነበረች። በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየከተፈች የሳጥኑን መውጣትና መግባት ትከታተላለች። አንድ ቀን፣ «መምህርት፣ ጠበል ብትወስጂው አይሻልም?» አለችኝ።

«ውሃ አይወድም» አልኳት።

«ውሃ አይወድም፣ ቤትሽን አይወድም። ታዲያ ምን ይወዳል?»

«ሱቅ ይወዳል።»

«እንደ ባል ነዋ» አለችና ሽንኩርቷን ቀጠለች።

ባለ ሱቁ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። የቤቴ መብራት ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው ብሎ ማረጋጊያ አስገዛኝ። እንደ ጡብ የሚከብድ ዕቃ ነው፤ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። ፓወር ሳፕላዩን ሁለተኛ ቀየረ። ሃርድ ዲስኩን አጥቦ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫነ። ባትሪዋ ብቻ ገና ከካርቱም አልመጣችም። እኔም በበኩሌ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አራቅሁ፤ አቧራ እንዳይሆን በነጠላ ሸፈንኩት፤ ወለሉ እርጥብ ነው ብዬ ከሥሩ ሳንቃ አነጠፍኩ። ያሰብኩትን ሁሉ እያደረግሁ፣ ጠዋት ጠዋት ግን ደብተሬን አይቼ የዛሬን ቀን እሰጠዋለሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ ፈጽሞ ያልተጠራጠርኩት እርሱን ብቻ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ቆመው ሳለ ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና፣ «አሮጌ ሜሞሪ አዲስ ነው ብለህ ሸጠህልኛል» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ወላሂ፣ እትዬ፣ እዚህ ይሠራል። አሁን ላሳይዎ።»

«እዚህ መሥራቱን አውቃለሁ። እዚህ አልኖርም።»

«ቤትዎ ውስጥ ያለውን ነገር እኔ ምን ላውቅ?»

«ቤቴ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።»

አንደኛው ደንበኛ ወደ ጣሪያው አየ። ባለ ሱቁ ሜሞሪውን ነቅሎ ከመደርደሪያው ያልተከፈተ አውጥቶ ተካልኝና ሳጥኑን እስከ ሪክሻው ተሸከመልኝ። ለዕቃው ምንም አልተቀበለኝም። ይህም አበሳጨኝ፤ ጥፋቱን ያመነ መሰለኝ። ቤቴ ስደርስ ግን ያው ነበር። አንድ ቁጥር ያለባት ትንሿ መስኮት ብቅ አለች፤ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ሳጥኑን አልነካሁትም። አርባውን ትምህርት በእጄ እንደገና ልጽፈው ጀመርኩ። በቀስታ ብጽፍ፣ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ብጽፍ ይሆናል አልኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የጻፍኩትን «ለ» እኔ ራሴ «ሉ» ብዬ አነበብኩት። ወረቀቱን አጥፌ ምድጃው ዘንድ አኖርኩት።

ነሐሴ አለቀ። ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ መብራትም ነበር። ለምን እንዳስነሣሁት አላውቅም፤ ምናልባት ነጠላዬን ልወስድ ስገልጠው ይሆናል። ሰማያዊው ገጽ መጣ። ወር አለኝ። 13 ብዬ ጻፍኩ።

አልቀበልም አለ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ጢው ብሎ መለሰልኝ። ኪቦርዱ ላይ ባለችው ቀስት አንድ በአንድ ወደ ላይ ሰደድኩት፤ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት አለና ተመልሶ አንድ ሆነ። ዳግመኛ አዞርኩት። አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አንድ።

መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ይህም ክፍል ተበላሸ ብዬ ነው። ሳጥኑን አንሥቼ ለመሄድ ተነሥቼ እንኳ ነበር። ከዚያ ግን ቆምኩ። ጳጉሜን የማያውቅ የማን ቀን ነው?

ከሻንጣዬ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴን አወጣሁ። በዚያ ላይ ዓመቱ በእነርሱ፣ በፈረንጅ፣ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ስንት ጊዜ በራሴ እጅ ሞልቼዋለሁ። ለመንግሥት ወረቀት የእነርሱን ቀን እንደምጽፍ መቼም ጠፍቶኝ አያውቅም። ይህ ማሽን ግን አማርኛ ሊጽፍልኝ የመጣ ነው፤ ሰውየውም በአማርኛ ነው «የዛሬን ቀን ይስጡት» ያለኝ። የእርሱ ዛሬ ሌላ፣ የእኔ ዛሬ ሌላ መሆኑን ሁለታችንም አላሰብነውም። እርሱ ሱቁ ውስጥ ትክክለኛውን ቀን ይሰጠዋል፤ እኔ ቤቴ ወስጄ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ፕሮግራሙ ገና ያልተጫነበት ዘመን ውስጥ ሲነቃ ይዘጋል። ምን ያድርግ?

ግድግዳው ላይ አንድ የዘይት ነጋዴ ያደለኝ የዐረብኛ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ከእርሱ እያየሁ 9፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 2006 ብዬ ሰጠሁት። ፕሮግራሙ ተከፈተ።

ደስ አላለኝም። ጠረጴዛው ሥር ያለው ማረጋጊያ ያጉረመርማል፤ ጥግ ላይ የተቀየሩት ዕቃዎች በካርቶን ተከምረዋል። ሁለት ወር ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። ጎረቤቴ በረንዳ ላይ፣ «መምህርት፣ ዛሬ አትወጪም እንዴ?» አለችኝ።

«ዛሬ አልወጣም» አልኳት።

ጳጉሜ በዚያ ዓመት አምስት ቀን ነበረች። ኪቦርዱ ላይ የነበረው ፊደል ዐረብኛ ስለሆነ፣ የቁስል ፕላስተር ቆራርጬ ፊደላችንን ጽፌ ለጥፌበት ነበር። ጣቴ ሲንቀጠቀጥ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ይመታል፤ «ሰሰላም»፣ «ቤቤት»። ይህ ግን ይሰረዛል። ጠመኔ ላይ የሸሸ መስመር ተመልሶ አያውቅም፤ እዚህ ትርፉን ሰርዤ እቀጥላለሁ። ሁለቱን ቀን መብራት ከቀትር በፊት ሄዶ ቀረ። አምስተኛው ቀን ሲመሽ ከአርባው ትምህርት አሥራ ስምንቱ አልቆ ነበር። በሽፋኑ ላይ «ገዳሪፍ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1998» ብዬ ጻፍኩ።

ማተሚያ የነበረው ባለ ሱቁ ዘንድ ነው። በእንቁጣጣሽ ማግስት ሳጥኑን ጭኜ ሄድኩ። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ፊቱ ላይ ግን እንደ ወትሮው ፈገግታ አልነበረም።

«ደግሞ ምን ሆነ፣ እትዬ?»

«ይሠራል። ላሳትም ነው የመጣሁት።»

«ቤትዎ ሠራ?»

«ሠራ።»

«ምኑ ነበር?»

ላልነግረው እችል ነበር። ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። «ጳጉሜን አልቀበል አለኝ» አልኩት።

መጀመሪያ ሳጥኑን አየ። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «የእናንተን ቀን ነበር የሚሰጡት?»

«የዛሬን ቀን ስጪ ተባልኩ፤ ሰጠሁ።»

ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩን ያዘ። እናቱም ሰው መቼ ተወለደ ቢሏት ከመስከረም እንደምትቆጥር፣ እርሱ ግን ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ እንደረሳው ነገረኝ። ወረቀቱ አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ።

«ስለ ሜሞሪው የተናገርኩህ ልክ አልነበረም» አልኩት። «ሰው ፊት መሆኑም ልክ አልነበረም።»

«መዓሌሽ፣ እትዬ» አለ። ወረቀቱን እያስተካከለም፣ «ግን ያ ሜሞሪ… እውነቱን ለመናገር አሮጌ ነበር» አለኝ።

አየሁት።

«ይሠራ ነበር እኮ» አለ። «ከአዲሱ ምንም አይለይም። ለዚህ ነው ሁለተኛውን በነፃ የሰጠሁዎት።»

ይቅርታዬን መልሼ ልወስድ ምንም አልቀረኝም ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሊቀ መንበሩ ገጾቹን በአውራ ጣቱ ገለጠ። «አርባ ነበር ያሉኝ።»

«አሥራ ስምንት ነው።»

«ሁለት ወር ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ዕቃው አስቸገረ» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም።

አንዱን ገጽ ወደ ብርሃኑ አድርጎ ድምፁን ሳያሰማ አነበበው። ከዚያ ሦስቱ ሰዓት እስከ ገና እንዲቀጥል፣ የቀረው በገና ካልደረሰ ግን ነገሩ ወደ ኮሚቴው እንደሚመለስ ነገረኝ። ሽፋኑን መለሰልኝና፣ «ይህን ቀን ግን በፈረንጅ ያድርጉት» አለ። «ልጆቹ ጳጉሜን አያውቁም።»

«ሦስቱ ሰዓት ለዚያ አይደል?» አልኩት። ሽፋኑም እንደነበረ ቀረ።

ትምህርት ሲከፈት ለልጆቹ አንድ አንድ አደልኳቸው። በሰኔ ሰሌዳው ዘንድ የመጣችው ልጅ ከፊት ወንበሯ ላይ ነበረች። አንብቢ አልኳት። ከሽፋኑ ጀመረች፤ ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እያሳለፈች «ገዳሪፍ» አለች፤ ቀጥላ «ጳ… ጳጉሜ» አለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ጳጉሜ የማን ስም ነው?»

ፊደሉን ግን አልተሳሳተችም።